ሦስቱ ዜሮዎች፦ የጋዝ መለኪያ እንዴት ይሠራል?

የፍሳሽ ጉድጓድ የሚያጸዱ፣ ማንሆል የሚወርዱ፣ የነዳጅ ታንክ ውስጥ ገብተው የሚበይዱ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚሰኳት አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች። ከድሮ ሞባይል ብዙም አትበልጥም። መስኮቷ ላይ አራት ቁጥሮች ይታያሉ። ንጹሕ አየር ላይ ሲከፍቷት 20.9፣ 0፣ 0፣ 0 ትላለች። የመጀመሪያው ኦክስጅን ነው፤ በመቶኛ። ሁለተኛው የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ሦስተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አራተኛው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሠራተኛው አራቱንም ዐይቶ "ሰላም ነው" ብሎ ይወርዳል። እኔን የሚያሳስቡኝ ሦስቱ ዜሮዎች ናቸው። ዜሮ "ጋዙ የለም" ማለት ሊሆን ይችላል፤ "ጋዙ አለ፣ እኔ ግን አላየሁትም" ማለትም ሊሆን ይችላል። መሣሪያዋ ሁለቱንም የምትጽፈው በአንድ ምልክት ነው። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ውስጧ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

አፍንጫ እያለ መሣሪያ ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። የጋዝ ባለሙያዎች የሚነጋገሩት በፒፒኤም ነው፤ ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደ ማለት። ሁለት ባለ 25 ሊትር ጄሪካን ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ቀለም ብትጥሉ ወደ 1 ፒፒኤም ይጠጋል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አፍንጫችን ከዚያም እጅግ ባነሰ መጠን ይለየዋል፤ በዚህ ረገድ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። ችግሩ መጠኑ ሲጨምር ነው። ወደ 100 ፒፒኤም ሲደርስ የማሽተቻ ነርቭ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዝና ሽታው ይጠፋል። ከላይ ሆኖ "አሁንስ ይሸታል?" ለሚለው ጓደኛው፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው "ኧረ ለቀቀ" ብሎ የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው። ጋዙ ግን አልለቀቀም፤ ብሶበታል። ከ700 ፒፒኤም በላይ ከሆነ ጥቂት ትንፋሽ ሰውን ይጥላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም። ይህን ጋዝ ለማግኘት ማንሆል መውረድ አያስፈልግም፤ ምድጃ ላይ አለ። በብዙ ቤት ከሰል በረንዳ ላይ ይቀጣጠልና ጭሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ፍም ሆኖ ሲቀላ "አሁን አስገቡት" ይባላል። ዐይን የሚያየው ጭስ ግን ከከሰሉ እርጥበትና ገና ካልነደደው እንጨት የሚወጣ ነው፤ ከመርዙ ጋር ብዙ ዝምድና የለውም። ፍሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ከሰል መካከል ሲያልፍ አንዱን ኦክስጅኑን ለከሰሉ ይሰጥና ሁለቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። አንዳንዴ ከፍሙ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይህ ጋዝ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው። ፍሙ አመድ ለብሶ ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይገባል። እንግዲህ ከሰል በጣም ጨዋ መስሎ የሚታይበት ሰዓት መጋረጃ ተዘግቶ፣ በር ተቆልፎ ሊተኛበት የማይገባው ሰዓት ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ።

ሰው አፍንጫውን ማመን እንደማይችል ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1812 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ፌሊንግ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሚቴን ፈንድቶ 92 ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትን ነበልባሉ ውጭ ያለውን ጋዝ አይለኩስም። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ግን ፋኖሱን ለብርሃን ብቻ አልተጠቀሙበትም። ሚቴን ሲኖር ነበልባሉ አናት ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ቆብ ያወጣል፣ ኦክስጅን ሲያንስ ይደክምና ይጠፋል። የቆቡን ቁመት አይተው ጋዙ ምን ያህል እንደሆነ ይገምቱ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ከማዕድን ፍንዳታ በኋላ የሚሞቱት አብዛኞቹ በፍንዳታው ሳይሆን በካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አሳየ። ትንሽ እንስሳ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከሰው ቀድሞ ይወድቃል ብሎም ወፍ ይዞ መውረድን መከረ። ካናሪ የምትባለው ቢጫ ወፍ በብሪታንያ ማዕድናት ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አገልግላለች።

ሻማ ወይም ኩራዝ በገመድ አስሮ ጉድጓድ ማውረድ በብዙ አገር የሚደረገው ከዚያው ብልሃት ወገን ነው። ሻማ ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከጠፋ አትግባ ማለት ትክክል ነው። ካልጠፋ ግባ ማለት ግን ትክክል አይደለም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ባለበት ሻማው ደህና ይነዳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበትም እንዲሁ። ሚቴን ባለበት ደግሞ ሻማው ራሱ ክብሪት ነው።

ወደ መሣሪያዋ እንመለስ። ከአራቱ በጣም የምወደው የኦክስጅኑን ሴንሰር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ነባሩ ዓይነት ቃል በቃል ትንሽ ባትሪ ነው። አንደኛው ጫፉ እርሳስ ነው፤ የሚያጽፈው ሳይሆን ብረቱ። አየር በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ ኦክስጅኑ እርሳሱን ያዝገዋል፣ ከዚያ መዛግ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። ብዙ ኦክስጅን ከገባ ብዙ ፍሰት፣ ጥቂት ከገባ ጥቂት። እርሳሱ ሁልጊዜ እየተበላ ስለሆነ ሴንሰሩ ሥራ ላይ ዋለም መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ ሁለት ዓመት አካባቢ ቆይቶ ያልቃል። መሣሪያው ከ19.5 በታች ሲሆን ይጮኻል፤ ከ23.5 በላይም ይጮኻል፣ ኦክስጅን የበዛበት ቦታ ጨርቅና ፀጉር ሳይቀር በጭንቅ የሚጠፋ እሳት ስለሚያነሳ።

እዚህ ላይ ከፍታ ነገር ያመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኦክስጅን ድርሻ እዚህም 20.9 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ድርሻን የሚለካ ሴንሰር ልዩነቱን ብዙም አያየውም፤ ግፊትን የሚለካው ዓይነት ግን ወደብ ላይ ተስተካክሎ አዲስ አበባ ቢከፈት ወደ 16 ሊወርድና ያለ ምክንያት ሊጮህ ይችላል። ለዚህ ነው መሣሪያው በሚሠራበት ከተማ፣ ደጅ፣ ንጹሕ አየር ላይ ዳግም የሚስተካከለው። ደጅ ማለት ደጅ ነው፤ ሞተሩ ከበራ መኪና አጠገብ ማለት አይደለም።

ከኦክስጅኑ ቁጥር ጀርባ አንድ ስሌት አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሌላ ጋዝ ገብቶ አየሩን ሲገፋ ኦክስጅን ከጋዙ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይቀንሳል። ቁጥሩ ከ20.9 ወደ 20.8 ቢወርድ ማንም ልብ አይለውም። ግን ያቺ ነጥብ አንድ ወደ 5,000 ፒፒኤም የሚጠጋ ባዕድ ጋዝ ልትሆን ትችላለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ለሕይወት አፋጣኝ አደጋ ነው የሚባለው 1,200 ፒፒኤም ላይ ነው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 100 ላይ። "ኦክስጅኑ ደህና ነው፣ እንግባ" የሚለው ሰው በዚህ ስሌት ይሞታል።

ከዚሁ ጋር አንድ የቢራ ፋብሪካና አንድ የእህል ጉድጓድ ላወዳድር። ሐረርጌ ውስጥ ገበሬዎች እህል መሬት ቆፍረው ያከማቻሉ። ተዘግቶ የተቀመጠ እህል፣ በውስጡ ያሉት ነፍሳትና ሻጋታ ይተነፍሳሉ፤ ኦክስጅኑን ይጨርሱና በቦታው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካሉ። ነቀዙን የሚያፍነው አየር ገበሬውንም አይምርም። ጋዙ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ጉድጓዱ ቢከፈትም ታች ተኝቶ ይቆያል። እዚህ ኦክስጅኑ ተበልቶ ስለሆነ የጠፋው መሣሪያዋ ትጮኻለች። የቢራ መጥመቂያ ምድር ቤት ውስጥ ግን እርሾው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣው ከስኳሩ ነው፤ የክፍሉን ኦክስጅን አይበላም፣ ይገፋዋል እንጂ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ ቢደርስ፣ ይህም አደገኛ ከሚባለው 4 በመቶ በላይ ሆኖ፣ ኦክስጅኑ 19.9 አካባቢ ነው የሚቆመው። ማንቂያው 19.5 ላይ ነው። መሣሪያዋ ዝም ትላለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለማየት በኢንፍራሬድ የሚሠራ ሌላ ሴንሰር ያስፈልጋል። ጋዙ 4.26 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን የማይታይ ብርሃን ይውጣል፤ ከአንድ ወገን ብርሃን ይለቀቃል፣ ከወዲያኛው ስንት እንደደረሰ ይለካል፣ የጎደለው የጋዙ መጠን ነው። ባለ አራት ቁጥሯ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላትም።

የሚቀጣጠለውን ጋዝ የሚያየው ሴንሰር የሚሠራው ጋዙን በማቃጠል ነው። አንዲት ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ የሸክላ ቅንጣት ውስጥ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ተጠቅልሎ ተቀብሯል፤ ቅንጣቷ ፓላዲየምን በመሰለ ካታሊስት ተቀብታለች። ሽቦው ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ሚቴን ሲነካት ያለ ነበልባል ላይዋ ላይ ይነዳል፣ ሙቀቷ ይጨምራል፣ የሽቦው የኤሌክትሪክ መቋቋም አብሮ ይጨምራል። አጠገቧ ካታሊስት ያልተቀባች እኅቷ አለች፤ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት ሲለወጥ ሁለቱም እኩል ስለሚለወጡ፣ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የጋዙ ብቻ ይሆናል። ይህ አሠራር ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለእንግሊዝ ማዕድናት ሲባል የተስፋፋ ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው ፍንዳታ ከሚጀምርበት መጠን በመቶኛ ነው። ሚቴን የሚፈነዳው ከአየሩ 5 በመቶ ሲደርስ ስለሆነ መሣሪያው 100 የሚለው እዚያ ላይ ነው፤ የሚጮኸው ግን 10 ላይ፣ ማለትም ከአየሩ ግማሽ በመቶ ላይ።

ማቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን በሌለበት ታንክ ውስጥ ይህ ሴንሰር ጋዝ ሞልቶም ዜሮ ሊል ይችላል፤ ኦክስጅን ቀድሞ የሚለካው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ሽቅብ ተተኩሶ ድንገት ወደ ዜሮ ከተመለሰ ደግሞ ጋዙ አልሄደም፤ ለመንደድ እንኳ አየር እስኪያጣ ድረስ በዝቷል። ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይና መወልወያ ካታሊስቱን ይሸፍነዋል። የተሸፈነ ካታሊስት አያቃጥልም፤ የማያቃጥል ቅንጣት አትሞቅም፤ የማትሞቅ ቅንጣት ዜሮ ትላለች።

ሁለቱን መርዞች የሚያዩት ሴንሰሮች እሳት አይጠቀሙም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በቀጭን ሽፋን ያልፍና ፕላቲነም ላይ ያርፋል፤ እዚያ ከውሃ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ሁለት ኤሌክትሮን ይለቃል። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ዞረው ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄዱ ይቆጠራሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በተመሳሳይ መንገድ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን ከእያንዳንዱ ሞለኪውል ስምንት ኤሌክትሮን ይወጣል። ፍሰቱ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ግን ከጋዙ መጠን ጋር ተመጣጥኖ ስለሚሄድ ይታመናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ 35 ፒፒኤም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም ሲደርስ መጮህ የተለመደ አሞላል ነው። ስህተትም አያጣቸውም፤ ትልልቅ የመኪና ባትሪ ቻርጅ በሚደረግበት ክፍል የሚወጣውን ሃይድሮጅን የካርቦን ሞኖክሳይዱ ሴንሰር እንደ ራሱ ጋዝ ቆጥሮ ሊጮህ ይችላል። ያለ ምክንያት የጮኸ መሣሪያ ያናድዳል እንጂ አይገድልም።

የኦክስጅኑን ሴንሰር ለምን እንደምወደው አሁን ልናገር። እርሳሱ ሲያልቅ፣ ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን፣ ሴንሰሩ ሲሞት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሲወርድ ይጮኻል። በሽታውን ራሱ ይናገራል። ሌሎቹ ሦስቱ ግን ሲሞቱ የሚሄዱት ወደ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ሁላችንም ማየት የምንፈልገው ቁጥር ነው። ጭቃ የመታው ሴንሰር፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የደረቀ ሴንሰር፣ በሲሊኮን የታፈነ ቅንጣት ሁሉም ንጹሕ አየር ያዩ ይመስላሉ። እውነቱን የሚያወጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መጠኑ የታወቀ ጋዝ ከትንሽ ሲሊንደር ወደ መሣሪያዋ መልቀቅና ትጮህ እንደሆነ ማየት። ባለሙያዎቹ ባምፕ ቴስት ይሉታል። ከደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ከሥራ በፊት በየቀኑ ይደረጋል። መሣሪያዋን ገዝቶ የሲሊንደሩን ጋዝ ያልገዛ ድርጅት ግማሹን ነው የገዛው፤ እንዲያውም እኔን ከጠየቃችሁኝ የባሰ ነገር ገዝቷል፣ ሠራተኛው ባዶ እጁን ሆኖ የሚኖረውን ፍርሃት ስለሚወስድበት።

አቧራን ከእነዚህ ሴንሰሮች አንዱም አያየውም። ሲሚንቶ፣ የጥጥ ብናኝ፣ የዱቄት ወፍጮ፣ የድንጋይ መፍጫ፦ እዚህ የሚሠራው ሌላ ዘዴ ነው። በደቂቃ 2 ሊትር ገደማ አየር የሚስብ ትንሽ ፓምፕ የሠራተኛው ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ቱቦው ኮሌታው ላይ፣ አፍንጫው አጠገብ ይሰካል። ከፊቱ ያለችው ትንሽ ሾጣጣ ዕቃ አየሩን እያሽከረከረች ሻካራውን ብናኝ ትጥልና ሳንባ ጥልቁ ድረስ የሚገባውን ደቃቁን ወደ ማጣሪያ ወረቀት ታሳልፋለች። ወረቀቱ ከፈረቃው በፊትና በኋላ ይመዘናል። ሌዘር አብርተው ብናኙ የሚበትነውን ብርሃን የሚያነቡ መሣሪያዎችም አሉ፤ ወዲያው ቁጥር ይሰጣሉ፣ ብናኙ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። የድንጋይ ሲሊካና የስንዴ ዱቄት ለእነሱ አንድ ናቸው፤ ለሳንባ ግን አይደሉም። ያንን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

አሁን መሣሪያዋ ተፈትሻለች እንበል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመናል። ጭንቅላትን አስግጎ ማየት አይደለም የመጀመሪያው ሥራ። ረጅም ቱቦ ይወርዳል፣ ፓምፕ አየሩን ወደ መሣሪያዋ ይስባል። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ላይኛው ክፍል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለሚከብድ ታች፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ጋር ስለሚቀራረብ የትም ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ላይ፣ መሐል፣ ታች ይለካል። በየቦታው መታገስ ያስፈልጋል። አየሩ ቱቦውን እስኪጨርስ፣ ሴንሰሩም እስኪመልስ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚቸኩል ሰው የሚያነበው የላይኛውን አየር ነው። ሰው ከገባ በኋላም መለኪያው አይጠፋም። ዝቃጩ ውስጥ ታምቆ የተቀመጠ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አካፋ ሲነካው ነው የሚወጣው። ከመግባቱ በፊት የተነበበው ዜሮ እውነት ሆኖ ሳለ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ውሸት ይሆናል።

ሰው ከወደቀስ? የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእንዲህ ዓይነት ዝግ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ የሚበልጡት ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው ይላል። ወንድሙ ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ ስለዚህ ምክር ብቻውን አይሠራም። የሚሠራው ከመውረዱ በፊት ወገቡና ትከሻው ላይ የታሰረ ቀበቶ፣ ከላይ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተሰካ መጎተቻ ነው፤ ያን ጊዜ ማዳን ማለት መግባት ሳይሆን መጎተት ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ቀበቶና መለኪያ "ካለ" የሚባሉ ነገሮች አይደሉም።

መሣሪያዋ ከጮኸች ጉድጓዱ በማናፈሻ ይነፋል፤ ንጹሕ አየር በሰፊ ቱቦ እስከ ታች ይገፋል፣ ከዚያ እንደገና ይለካል። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚገጥም ነገር አለ። ማናፈሻው መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ከጄኔሬተር ይመጣል፣ ጄኔሬተሩ ገመዱ እንዲደርስ ተብሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል። ወይም መጣጭ መኪናው ሞተሩ እንደበራ ወደ ኋላ ተጠግቶ ይቆማል። የጭስ ማውጫው የሚተፋውን ማናፈሻው ይስበውና ሰውየው እግር ሥር ያደርሰዋል። ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ እየወረደ ሳለ ሦስተኛው ቁጥር 12፣ 20፣ 31 እያለ መውጣት ከጀመረ ጋዙን የሚያመጣው ጉድጓዱ አይደለም። ሰውየው ይውጣ፤ ከዚያ ጄኔሬተሩን ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን አርቁት፣ ገመድ ቀጥሉ፣ የማናፈሻውን አፍም ወደ ንጹሑ አየር አዙሩት።